መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ ጥርስ

መስከረም 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤና ይስጥሽ፤ እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ያጎረሰሽን እጅ የማይረሳ ልብም ይጨምርልሽ። እኔ ከአፌ በስተቀር ደህና ነኝ።

ዛሬ ገንዘብ አልጠይቅሽም። ባለፈው የላክሽው የስፌት ሱቄን ጣሪያ አሳድሶልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የምጠይቅሽ ጥርስ ነው።

ዕድሜ ልኬን ክር በጥርሴ ስበጥስ፣ መርፌ በጥርሴ ነክሼ ልብስ ስለካ ኖሬ የላይኛው ጥርሴ አለቀ። ሁለቱ እስከ ድዱ ተሰብረዋል። አራቱ ግማሽ ግማሽ ቀርተዋል፤ ምላሴ በነካቸው ቁጥር የተሰበረ ብርጭቆ የላስኩ ይመስለኛል። ባለፈው ለአንዲት የሙሽራ እናት ልብስ ስለካ ምን እንዳሳቀኝ እንጃ፣ ሳቅሁ። ሴትዮዋ አፌን አየችና ፊቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ከዚያ ወዲህ የማወራው አፌን በእጄ ሸፍኜ ነው። እኔ ደግሞ አፌን ሸፍኜ መኖር እንደማልችል አንቺም ታውቂያለሽ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ቀልደኛ ነው።

«እናቴ፣ እነዚህ ጥርሶች አልታመሙም፤ ጡረታ ነው የጠየቁት» አለኝ።

«ታዲያ ጡረታቸውን ስጣቸዋ!»

«አናሰናብታቸውም። ሽፋን እናለብሳቸዋለን። ክራውን ይባላል፤ ዘውድ ማለት ነው።»

የሚያይልኝ ዘመድ ሁሉ ካለቀ በኋላ ልነግሥ ነው ማለት ነው።

እዚህ የሚሠራውን ሽፋን አይቼዋለሁ፤ የፈረስ ጥርስ ነው የሚመስለው። አንቺ እዚያ ባሕር ማዶ ተቀምጠሽ ለባዕድ ሁሉ ጥርስ ስትሠሪ ትውያለሽ ይላሉ። ለአክስትሽ የሚሆን አንድ እፍኝ አይጠፋም።

ልጅቷ ደህና ናት። በሦስት ዓመቷ ትተሽልኝ የሄድሽው ልጅ ዛሬ የሱቁን በር የምታልፈው ጎንበስ ብላ ነው። አንቺ ግን አሁንም በየደብዳቤው «ጩጬ እንዴት ናት?» ትያለሽ። ጩጬ የለችም። ያለችው ትልቅ ሴት ናት፤ ከእኔ ጋር ትሰፋለች፤ እኔን ነው እማዬ የምትለው። ስለዚያ ስለምትልኪው ወረቀት ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አክስትሽ


መስከረም 30 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደጅዎ ደንበኛ አይጣ፤ እጅዎ አይዛል፤ ቤትዎ ሰላም ይዋል። እኔ ደህና ነኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልሠራልዎ የምችለውን ነገር ስለጠየቁኝ ደስ አለኝ። የምሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ከመስኮቱ የሚታየኝ የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። የሰው አፍ በጄሶ ተቀርጾ በካርቶን ይመጣልኛል። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ማን በአንድ ጎኑ ብቻ እንደሚያኝክ፣ ማን ንዴቱን ተኝቶም ጥርሱን እያፋጨ እንደሚያሳልፍ ግን ጥርሱ ይነግረኛል። ሐኪሙ የላይኛውንም የታችኛውንም ልክ ወስዶ ይላክልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። ሙሉ ሽፋን ለመግጠም ጥርሱ ችካል እስኪመስል ድረስ ዙሪያውን ይሞረዳል። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም። ስለዚህ ሙሉው ሽፋን ለሁለቱ ስባሪዎች ብቻ ይሁን። ለአራቱ ኦንሌይ የሚባለው ይበቃል፤ የጎደለውን ጫፍ ብቻ ይከድናል እንጂ ደህናውን አካል አይነካም። የኮት ክርን ቢነትብ ክርኑን ይጥፉታል እንጂ ኮቱን አይቀዱትም፤ እንደዚያ ነው።

ወረቀቱን እንደገና ልኬያለሁ። ልጄ በየካቲት መጨረሻ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ከዚያ በፊት እርስዎ እንደ አሳዳጊዋ ፈቅደው ካልፈረሙ እዚህ ያለው መሥሪያ ቤት በእኔ ስም ወደዚህ አገር አያስገባትም። በሩ ይዘጋል። እባክዎ አክስቴ።

ለእሷ የጻፍኩትን ገጽ ይስጡልኝ። ምነው አንድ መስመር እንኳ አትመልስልኝም? ተቀይማኝ ይሆን?

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 6 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ በሾርባ ነው ያለሁት።

ኮቱን አይቀዱትም አልሽኝ። እኔን ስፌት ልታስተምሪ! አፍንጫሽን በእጅጌሽ ስትጠርጊ ያንን እጅጌ የሰፋልሽ ማን ሆነና?

ጎረቤቴን፣ ጡረተኛዋን ነርስ፣ ታስታውሻታለሽ። ልጇ ስምንት ሙሉ ሽፋን አስገጥሞላታል። አሁን ስታዛጋ እንኳ እጇን አታነሳም። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ፣ «ላንቺስ ያቺ የወንድምሽ ልጅ ስንት ልትልክልሽ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሁለት ሙሉና አራት ቁራጭ ልበላት? ከዘመድ ቁራጭ ተቀብዬ እሷ ፊት ልስቅ?

በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ።

«ስምንት ሙሉ ሽፋን ነው የምፈልገው» አልኩት።

«እናቴ፣ የተጎዱት እኮ ስድስት ናቸው።»

«ሁለት ጨምር።»

«ደህናውን ጥርስ ልሞርድ?»

«አፉ የማን ነው?»

«አፉማ የእርስዎ ነው። ጸጸቱም የእርስዎ እንዲሆን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለና በፈቃዴ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ሰጠኝ። ፈረምኩለት። ከዚያ ሞረደው። ሽታው የተቃጠለ ቀንድ ነው። በላያቸው ላይ ጊዜያዊ የፕላስቲክ ሽፋን ለጥፎ ሰደደኝ፤ ጠንካራ ነገር እንዳልነክስ፣ ትኩስም ቀዝቃዛም እንዳልጠጣ አስጠነቀቀኝ። ዳቦ እንኳ የማልበላ ሰው ሆንኩ። ልጅቷ ሾርባ ታበርድልኛለች።

ልኩን በፖስታ ልኬያለሁ። ስምንቱንም ነጭ አድርጊያቸው። ቶሎ በይ።

ስለዚያ ወረቀት፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መፈረም አልቻልኩም። እርጅና ነው።

አክስትሽ


ኅዳር 27 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ካርቶኑ ደርሶኛል። የቀረውን ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

አፍዎ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የታችኛው የፊት ጥርስዎ ላይ ክር ሲበጥሱ የኖሩበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ ምላጭ የሄደበት ይመስላል። ከላይ ግን ስምንት ችካል ነው ያገኘሁት። ስድስቱስ ይሁን። ሁለቱ ምን በደሉዎት?

እንደ ባለሙያ ልንገርዎ። ጊዜያዊው ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ ብዙ አይቆይም። ሲወልቅ ሥሩ ያለው ችካል ራቁቱን ይቀራል። ራቁቱን የቀረ ጥርስ ይበሰብሳል፤ ቦታውንም ይለቃል፤ ቦታውን ከለቀቀ ደግሞ እኔ የሠራሁት አይገጥምለትም። ያኔ የሚቀረው ማስነቀል ብቻ ነው።

ሽፋኖቹን ጨርሻለሁ። በሰም ቀረጽኳቸው፤ ፖርሴሊን ከሚባለው ሸክላ ሠራኋቸው፤ ምድጃ አስገብቼ አወጣኋቸው። ነጭ አላደረግኋቸውም፤ ከታችኛው ጥርስዎ ጋር አመሳስያቸዋለሁ። ስምንቱም በጥጥ ተጠቅልለው መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው።

ለሐኪሙ ሲፈርሙ እጅዎ አልተንቀጠቀጠም። ይህችን አንዲት ፊርማ በየደብዳቤዬ ስለምንዎ ዓመታት አለፉ። ለልጄም ለእርስዎ በጻፍኩ ቁጥር አንድ አንድ ገጽ ጽፌላታለሁ፤ ናፍቆቴንም፣ የምተኛበትን ክፍልም፣ አልጋዋን የማደርግበትን ጥግም ነግሬያታለሁ። ከእርስዎም ከእሷም መልስ የለም። አሁን ለልመና የሚሆን ጉልበት አጣሁ።

ወረቀቱን ፈርመው ይላኩ። በደረሰኝ ማግሥት ጥርስዎን እልካለሁ። ካልፈረሙ መሳቢያው ቁልፍ አለው። ሾርባውን ይለምዱታል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 14 ቀን

አንቺ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታ የለኝም። ደስ እንዲልሽ ጤናዬን ብቻ ልንገርሽ። ከጊዜያዊዎቹ ሽፋኖች አንዱን ከሾርባ ጋር ዋጥኩት። ሌላው ሳስነጥስ ደንበኛዬ ጨርቅ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ መልሶ ይለጥፈዋል፤ ያው ይወልቃል። አየር ስስብ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። ወንድሜ ይህን ሳያይ መሞቱ ደግ ሆነ።

ልጅቷ ለምን አትመልስልኝም ትያለሽ። ዛሬ ልንገርሽ። ደብዳቤሽን አታየውም።

ድሮ እኔ ፊደል ስለማላውቅ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። በስምንት ዓመቷ አንዱን ስታነብልኝ «ቶሎ መጥቼ እወስድሻለሁ» የሚል አገኘች። ከዚያ እህል አልቀምስም አለች። በር በርን ስታይ፣ ከሱቁ ደጃፍ አልነሣም ስትል፣ ያባበልኳት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም። ያን ጊዜ የማታ ትምህርት ገባሁ። ልጄ በሚሆን አስተማሪ ፊት ጠባብ ወንበር ላይ ተጣብቄ ሀ ሁ ቆጠርኩ። ሰዉ ሁሉ «በስተርጅና ተማረች» ብሎ አጨበጨበልኝ። ምን ያውቃል ሰው! እኔ የተማርኩት ደብዳቤሽ ከእጄ እንዳያልፍ ነው። አንብቤ ስጨርስ የመተኮሻዬን ከሰል አያያዝኩበት። «እናትሽ መጻፍ አቆመች» አልኳት። አመነችኝ።

ይህን የመጨረሻውን ግን አላቃጠልኩትም። እራት ላይ ሰጠኋትና «መነጽሬን አጣሁት፤ እናትሽ ምን እንዳለች ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። መሳቢያው ቁልፍ አለው የሚለውን በገዛ አፏ አለችው። ሾርባውን ይለምዱታል የሚለውንም። የወለደቻት እናት የአሮጊት ጥርስ መያዣ አድርጋ የምትደራደር መሆኗን ራሷ ለራሷ ነገረች። እኔ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ድምፅዋ አልተሰበረም። ወረቀቱን በአራት አጠፈችና «እና መጻፍ አላቆመችም?» አለችኝ።

«እራትሽን ብዪ» አልኳት።

በላች። ሳህኑንም አጠበች። እንግዲህ መሳቢያሽን ቆልፈሽ ተቀመጪ።

አክስትሽ


ጥር 2 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ ያን ቀን የሠራሁት ሥራ ሁሉ ተበላሸ።

አክስቴ፣ ያንን ደብዳቤ ለልጄ ሲሰጡ ያሰቡት የመጨረሻዎቹን መስመሮች ብቻ ነው። መካከሉን ዘለሉት። በየጊዜው እንደጻፍኩላት፣ ፊርማውን እንደለመንኩ፣ አልጋዋን የት እንደማደርግ የሚለው እዚያው ነበር። እሱንም በገዛ አፏ ነው ያነበበችው።

ስምንቱን ሽፋን ዛሬ ልኬያለሁ። ምንም አልጠይቅም። ለእርስዎ አዝኜም አይደለም። ልጄ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ከእኔ ያገኘችው ቃል ማስፈራሪያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ከጻፍኩት በኋላ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ይወቁት።

ሐኪሙ ከማጣበቁ በፊት አንድ በአንድ ይሞክራቸው። ባለ ቀለሙን ወረቀት አስነክሶ፣ ቀለም ያረፈበት ከፍ ያለ ቦታ ካለ ይሞርደው።

ለእሷ አንድ ገጽ አለበት። ይስጧት ወይም ለመተኮሻዎ ያድርጉት፤ እንደ ልማድዎ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አፌ ሙሉ ነው፤ ቤቱ ባዶ ሊሆን ነው።

ጥርሴን ልከሽ አሸነፍኳት ብለሽ እንዳትኩራሪ። ጥርስሽ እጄ ሳይገባ ፈርሜ ነበር። ያስፈረመችኝ ሌላ ናት።

ያንን የመሳቢያውን ደብዳቤ ባነበበች ማግሥት ምሳ አቀረበችልኝ። ሳህኑን አየሁት። የዳቦ ጫፍ ነው፤ እሳት ላይ ደርቆ ድንጋይ የሆነ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ምሳ።»

«በምኔ ላኝከው?»

«በጥርስሽ።»

የራሷን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ነው የምትበላው፤ እያንዳንዷ ንክሻ ትሰማለች። እራትም ያው ቀረበ። ራሴ ሾርባ ልሠራ ብዬ ተነሣሁ፤ ማድ ቤቱ ተቆልፏል።

«ቁልፉን አምጪ!» ብዬ ጮህኩባት።

«መሳቢያ ቁልፍ ካለው ማድ ቤትም ቁልፍ አለው» አለችኝ። አልጮኸችም። ጨርቅ እየዘመዘመች ነው የምትናገረው።

ጎረቤት እንዳልሄድ፣ ለዚያች ነርስ «ያሳደግኳት ልጅ ምግብ ከለከለችኝ» ልበላት? እሞታለሁ እንጂ አልላትም። ይህን ደግሞ ልጅቷ አሳምራ ታውቃለች። ዳቦውን በውኃ ልንከረው ብዬ ኩባያ ሳነሣ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችው። እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አልተሳደበችም፤ ደብዳቤዎቹን የት አደረስሻቸው ብላም አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። በየቀኑ ሳህኑን ታቀርባለች፤ ያልተነካውን ሳህን ታነሣለች።

በመጨረሻ የሳህኑን ዳቦ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኳት።

«እማዬ፣ ስምሽን መጻፍ ተምረሽ የለም እንዴ? ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሽው ለምን ሆነና?»

ፈረምኩ። ወረቀቱን አይታ፣ አንዱን ፊደል አጥፍቼው ኖሮ፣ እንደገና አስፈረመችኝ። ከዚያ ማድ ቤቱን ከፈተች። ሾርባ ሠራች። አጠገቤ ተቀምጣ በማንኪያ አጎረሰችኝ፤ እያንዳንዱን ማንኪያ እፍ እያለች ነበር፤ «እንዳይወጋሽ» እያለች። ከደረቁ ዳቦ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ሾርባ ነው።

ጥርሱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ አንድ በአንድ ሞከራቸው። ባለ ቀለሙን ወረቀት አስነከሰኝ፤ ደግሞ አስነከሰኝ።

«የሚሞረድ የላቸውም» አለ። «ማን ነው የሠራቸው?»

«ሠራተኛ» አልኩት።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። አንዱን ትንሽ ከፍ አድርገሽ የሠራሽው መስሎኝ ነበር፤ በነከስኩ ቁጥር እንድታመም፣ በታመምኩ ቁጥር እንዳስብሽ። እንደዚያ ብታደርጊ ይሻለኝ ነበር። ያኔ ቁጭ ብዬ የምረግምሽ ነገር አገኝ ነበር። አሁን ዳቦ እበላለሁ፤ ምንም አያመኝም። ነርሷ መጥታ አየችና «ነጣ አላለም» አለች። «የኔ ጥርስ ይመስላል፤ ያንቺ ሳህን ይመስላል» አልኳት። ሄደች። የምነግርሽ የተረፈ ደስታ ይህ ብቻ ነው።

የላክሽላትን ገጽ ሰጠኋት። አላቃጠልኩትም። እኔ ፊት አላነበበችውም፤ ኪሷ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ስላንቺ ክፉም ደግም አላለችም፤ አንቺም ደስ እንዳይልሽ፣ እኔም ደስ እንዳይለኝ።

የፈረምኩትን ወረቀት ራሷ ኤምባሲ ወስዳ አስገባችው፤ ተቀባይነት አግኝቷል። በዚህ ሳምንት ትነሣለች። ደብዳቤው ቀድሟት እንዲደርስ ብዬ በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው። ትፈልጊያት ነበር፤ ተቀበያት። ግን ያንቺን ጩጬ እንዳትጠብቂ። ያቺን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ የቀረውን ደግሞ ከደብዳቤሽ ተማረች።

ትናንት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ልብሶቿን ልክ እንዳስተማርኳት አጥፋለች፤ እጅጌ በእጅጌ ላይ። ልለምናት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ዘወር ሳትል፣ «እማዬ» አለችኝ።

«ወይ።»

«እናቴ ጥርሷ ደህና ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ለምን ጠየቅሽኝ?»

የምታጥፈውን ጨርሳ ሻንጣውን ዘጋችው።

አክስትሽ